ለተከፈለ ኪቦርድ የተከፈለ መልስ

«ምነው፣ ኪቦርድሽን ማን ሰበረብሽ?»

«ማንም አልሰበረውም። የእጄ አንጓ እንዳይጎዳ እሱ ቀድሞ ተከፈለልኝ።»

«ደግሞ ይሄ ሁሉ ገንዘብ ለኪቦርድ ተከፈለ?»

«ገንዘቡም ተከፈለ፣ ኪቦርዱም ተከፈለ። ለሐኪም ከሚከፈለው ይሻላል።»

ናይሮቢ፣ ንጎንግ መንገድ ዳር ካሉት ፎቆች በአንዱ ተቀምጦ የአማርኛ ድምፅ እየሰማ ለሚጽፍ ወይም ለሚተረጉም ሰው ይህ ምልልስ የዘወትር ነው። እንደ ተገመሰ ድፎ ዳቦ መሃሉ የተከፈተ ኪቦርድ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ተረበኛ ይሆናል። ይሁን፣ እኔም ምላስ አላነሰኝም። የእጅ ነገር ግን የእንጀራ ነገር ስለሆነ ለእያንዳንዱ ተረብ ሙሉ መልስ ይገባዋል።

ኢስሊ ሰፈር ውስጥ የጽሕፈት ሥራ ያላቸው አንድ ጋሼ ይጀምራሉ፦ «እኛ ዕድሜ ልካችንን ታይፕ ራይተር ስንቀጠቅጥ ኖርን። ማን እጁን ታመመ?»

«ጋሼ፣ ታይፕ ራይተሩ እኮ አሳራፊ ነበረው። መስመር ሲያልቅ እጅዎን አንስተው ይገፉት ነበር። ገጽ ሲያልቅ ወረቀት ይቀይሩ ነበር። ሲሳሳቱ ነጭ ቀለም ቀብተው እስኪደርቅ ይጠብቁ ነበር። ኮምፒውተሩ መስመርም ወረቀትም አያልቅበትም፤ የሚያልቀው ሰውየው ነው። ደግሞ የታመመም አልጠፋም፤ ‹ብርድ ነው› ተብሎ ቅቤ ታሸ እንጂ።»

«ታዲያ ቅርጹን ለምን ይቀይሩታል? ያው የድሮው አይበቃም?»

«የድሮው ቅርጽ መቼ ለእኛ ተብሎ ተሠራና! የፊደላቱ ረድፎች ተዛንፈው የተደረደሩት ከሥር ያሉት የብረት ዘንጎች እንዳይነካኩ ነው። ነገሩ የመጣው ከ1870ዎቹ ነው። ዘንጎቹ ዛሬ የሉም፤ መዛነፉ ግን ለእኛ ክንድ ተርፎናል።»

(የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የፈረንጅ አዲስ ፋሽን ነው» የሚለኝም አለ። ፋሽን ከሆነስ ያረጀ ፋሽን ነው። ክሎከንበርግ የተባለ ጀርመናዊ የታይፕ ራይተር ቁልፎች ለግራና ለቀኝ እጅ ተለይተው እንዲቀመጡ የጻፈው በ1926 ነው። ክሮመር የተባለው ተመራማሪ ተከፍሎ ወደ ጎን ያዘነበለ ኪቦርድ ሠርቶ በሰዎች ላይ የሞከረው በ1972 ነው። ማይክሮሶፍት ‹ናቹራል› ያለውን ኪቦርድ ለገበያ ሲያቀርብ 1994 ነበር። ሐሳቡ ከብዙ አያቶቻችን ጋር እኩያ ነው።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሁለቱን ክንዶችዎን ወደ አንድ ጠባብና ጠፍጣፋ ሰሌዳ ሲያመጡ አንጓዎ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ይሰበራል። መዳፍዎ ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ይገለበጣል። የኪቦርዱን የኋላ እግሮች ካቆሙማ አንጓው ወደ ላይም ይቀለበሳል፤ እነዚያን እግሮች ዛሬውኑ ያጥፏቸው፣ ገንዘብ አያስወጣም። በአንጓ ውስጥ ባለች ጠባብ መተላለፊያ ዘጠኝ ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጨናንቀው ያልፋሉ። አንጓው በታጠፈ ቁጥር መተላለፊያዋ ትጠባለች፣ ነርቩ ይጨመቃል። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ሌሊት ደንዝዘው የሚያነቁት ለዚህ ነው። ሰሌዳውን ለሁለት ከፍሎ በትከሻ ስፋት ማራቅና መሃሉን ከፍ ማድረግ አንጓን ቀጥ ያደርጋል። ተአምር የለውም፤ የአጥንት ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ወደ ፊደላችን።

«ይሄ ለእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ነው፣ ለአማርኛ ምን ያደርጋል?» አለችኝ አንዲት ወጣት የሥራ ባልደረባዬ።

«አንቺ ልጅ፣ ከማንም በላይ ለእኛ ነው! እስኪ ‹ጣጣ› ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈች። ድምፁን በላቲን ፊደል እየነካን በምንጽፍበት በተለመደው አሠራር ‹ጣ› ለመጻፍ ሺፍት፣ ከዚያ ቲ፣ ከዚያ ኤ ይነካል። ሁለት ፊደል፣ ስድስት ንክኪ። ‹ሰላም› ሦስት ፊደል ሆኖ አምስት ንክኪ ይወስዳል። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል በ1999 ከተቀበለ ወዲህ ኮምፒውተሩ ፊደላችንን አውቋል፤ ጣታችን ግን እስከ ዛሬ በውሰት ሰሌዳ ላይ ነው የሚሮጠው።

ሸክሙ ደግሞ እኩል አልተከፋፈለም። ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ኘ፣ ዠ የሚጻፉት ሺፍት ተይዞ ነው። ሺፍትን የሚይዘው ማን ነው? ከአሥሩ ደካማዋ፣ ትንሿ ጣት። የግዕዙንና የራብዑን ድምፅ የሚሰጡት ሁለቱ አናባቢ ቁልፎች ሁለቱም በግራ እጅ በኩል ናቸው፤ አንደኛው የግራዋ ትንሿ ጣት ሥር ነው ያለው። አማርኛ ያለ ግዕዝና ራብዕ አንድ ዓረፍተ ነገር አይራመድም። ስለዚህ የአማርኛ ጸሐፊ ግራ እጅ ከእንግሊዝኛ ጸሐፊው ግራ እጅ ይልቅ ቢታመም አይግረማችሁ።

እንደ ኤርጎዶክስና እንደ አንዳንዶቹ የኪኔሲስ ሥሪቶች ባሉት የተከፈሉ ኪቦርዶች ለአውራ ጣት በርከት ያሉ ቁልፎች ተሰጥተዋል፤ ሥራቸውንም መቀየር ይቻላል። ሺፍትን አውጥቶ ለአውራ ጣት መስጠት ማለት ከአሥሩ ደካማ ላይ ሸክም አንስቶ ለብርቱው መስጠት ነው። እስካሁን አውራ ጣት ምን ይሠራ ነበር? ባዶ ቦታ ይመታ ነበር!

«ገንዘብ የሌለውስ?» አለችኝ ልጅቷ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሺፍትን አምስት ጊዜ በተከታታይ መምታት ‹ስቲኪ ኪስ› የሚባለውን ያስነሳል። ከዚያ በኋላ ሺፍትን መያዝ የለም፤ ነክቶ መልቀቅ፣ ቀጥሎ ፊደሉን መምታት ብቻ። በነጻ ነው። የአማርኛ ጸሐፊዎች ይህን ሳያውቁ ትንሿ ጣታቸውን ሲያሰቃዩ ሳይ አንጀቴ ያርራል።

ነገር ግን የተከፈለው ኪቦርድ ለእኛ ጉድጓድም ቆፍሮልናል፤ ይህን የማይነግራችሁ ሻጭ ነው። ሰሌዳው የሚሰነጠቀው ‹ተ›፣ ‹ገ› እና ‹በ› በግራ፤ ‹የ›፣ ‹ሀ› እና ‹ነ› በቀኝ ሆነው ነው። ‹የ› እና ‹በ› ደግሞ አማርኛ በየቃሉ ፊት የሚለጥፋቸው ናቸው! ‹በ›ን በቀኝ ሌባ ጣቱ መምታት የለመደ ሰው የተከፈለው ሰሌዳ ላይ ‹ነበር› ለማለት ሲዘረጋ ጣቱ ጠረጴዛውን ይመታል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ፍጥነት ይወድቃል፤ ለአንዳንዱ ሳምንታትም ይፈጃል። በሁለት ጣት እየፈለገ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ከዚህ ኪቦርድ የሚያገኘው ትንሽ ነው፤ አስቀድሞ ሳያይ መጻፍን ይማር፣ ከዚያ ይግዛ።

ሌላም አለ። አንድ ወጥ ሆነው ጎበጥ ያሉት፣ በቀኝ በኩል የቁጥር ቁልፎች ያሏቸው ሰፋፊ ኪቦርዶች ማውሱን ርቆ እንዲቀመጥ ያስገድዳሉ። አንጓ ሲድን ትከሻ ይታመማል። ቁጥር ብዙ የማትጽፉ ከሆነ ያለ ቁጥር ሰሌዳ የተሠራውን ምረጡ።

«ገዝቼው ሕመሜ ይድናል?» ይጠይቀኛል ሌላው፤ ጥያቄው የእውነት ነው፣ ፊቱ ላይ አያለሁ። ለሱ ተረብ የለኝም። በ1999 በታተመ ጥናት ሕመም ያለባቸው 80 የኮምፒውተር ተጠቃሚዎች በአራት ቡድን ተከፍለው ለስድስት ወር በየዓይነቱ ኪቦርድ ሲሠሩ የማይክሮሶፍቱን የተጠቀሙት ሕመማቸው ቀንሷል። በሌላ በኩል ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ማስረጃ ገምጋሚ ተቋም በ2012 ያሉትን ሙከራዎች መዝኖ ያቺ የአንጓ መተላለፊያ ነርቩን ስትጨምቀው የሚመጣውን የካርፓል ተነል ሕመም ለማከም እነዚህ መሣሪያዎች ይረዳሉ ወይስ አይረዱም ለማለት ማስረጃው አይበቃም ብሏል። ስለዚህ ወንድሜ፣ ጣትህ ሌሊት ከደነዘዘ ሐኪም ጋ ሂድ። ኪቦርድ አቀማመጥ ያስተካክላል፤ የተጎዳን ነርቭ እንደሚያክም ግን አልተረጋገጠም።

ጠረጴዛውም አለ። ጠረጴዛው ከክርን በላይ ከሆነ የሚሊዮን ሺሊንግ ኪቦርድም ትከሻን ከመሰቀል አያድንም። ወንበሩን ከፍ፣ እግር ካልደረሰ ከሥሩ ነገር ማድረግ። ይህ ከኪቦርዱ ይቀድማል፤ ዋጋውም ይቀላል።

አሁን ወደ ትልቁ ተረበኛ፣ ወደ አለቃ።

«ሌሎቹ በተራው ኪቦርድ ይሠራሉ፤ አንቺ ለምን ተለየሽ?» ተባልኩ።

«ሌሎቹም እጅ አላቸው፤ ለነሱም ይገዛ።»

«በጀት የለም።»

«የሀገርዎ ሕግ ግን አለ።»

አለ። የኬንያ የሥራ ደኅንነትና ጤና ሕግ በ2007 ወጥቷል። አንቀጽ 76 አሠሪው የሥራ ቦታውን፣ መሣሪያውንና ሥራውን ለሠራተኛው እንዲስማማ አድርጎ እንዲያሰናዳ ያዛል። ሠራተኛው ለመሣሪያው እንዲስማማ አላለም። ይኸው መንግሥት በራዕይ 2030 ዕቅዱ ከውጭ በውክልና የሚመጣ የቢሮ ሥራን በኢኮኖሚው ምሰሶ ሥር ካሉት ዘርፎች አንዱ አድርጎ አስቀምጧል። በ2009 የባሕር ሥር የኢንተርኔት ኬብል ሞምባሳ ሲደርስ ናይሮቢ ለዓለም የምትጽፍ ከተማ ሆነች። ምሰሶው በምን ላይ ቆመ ብትሉኝ፣ በሰው ጣት ላይ!

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚገለብጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በሰዓቱ ሳይሆን በተቀዳው ድምፅ ደቂቃ ነው። አንድ ደቂቃ ንግግር ለመጻፍ ብዙ ደቂቃ ይፈጃል። እጅ ሲደክም ያረፈባት ሰዓት ከኪሱ ትወጣለች። ለዕረፍት የሚከፈለው ማንም የለም፤ ስለዚህ ማንም አያርፍም። በዚህ አከፋፈል ሥር ሠራተኛው የራሱን 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ከፍሎ፣ 16 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ጨምሮ፣ ኪቦርድ ካሻሻለ በኋላ ‹አሁንማ እጅሽ ስላልታመመ ትንሽ ጨምሪ› ከተባለ ትርፉ የማን ሆነ? ለዚህ ነው ኪቦርዱን አሠሪው ይግዛ፣ ዕረፍቱም ይከፈል የምለው። ሁለቱን ካልነጣጠልን ብቻ ነው እጃችን የሚተርፈው።

«በፈረቃ የምትቀያየሩበት ጠረጴዛ ላይ የግል ኪቦርድ ማስቀመጥ አይመችም» ይላሉ ደግሞ። እውነት ነው፣ አይመችም፤ በማታቱ (በሚኒባስ ታክሲ) ተሸክሞ መመላለሱም አድካሚ ነው። መሳቢያ ቁልፍ ያለው ይሰጠና ችግሩ ያልቃል። ለማውስና ለጆሮ ማዳመጫ መሳቢያ የሚያገኝ ቢሮ ለእጅ አንጓ አያጣም።

ኬንያውያን ባልደረቦቼ አንጓዬን ስይዝ ሲያዩ «ፖሌ» ይሉኛል፤ አይዞሽ ማለታቸው ነው። ደግ ሰዎች ናቸው። እኔም እመልሳለሁ፦ «አይዞሽ ያላችሁኝን ቅጽ ላይ ጻፉልኝና ለሰው ኃይል ክፍል አብረን እንስጥ።» ስድስት ሰው ከፈረመ የአንድ ሰው ብስጭት መሆኑ ይቀራል።

የመጨረሻው ተረብ ከራሷ ከወጣቷ ባልደረባዬ መጣ፦ «እሺ አሳመንሽኝ። ግን ሳልሞክረው እንዴት ይሄን ያህል አወጣለሁ? ሉቱሊ ጎዳና ላይ ጠፍጣፋ እንጂ የተከፈለ በቀላሉ አይገኝ።»

«ሁለት ጠፍጣፋ ግዢያ!»

«ሁለት?»

«ከርካሾቹ ሁለት። ሁለቱንም ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሰኪ። አንዱን በግራ ትከሻሽ ፊት፣ ሌላውን በቀኝ ትከሻሽ ፊት አድርጊ። ግራ እጅሽ በግራው፣ ቀኝ እጅሽ በቀኙ ይጻፍ። የግራውን ሺፍት ይዘሽ የቀኙን ፊደል ብትመቺ ይሠራል፤ ማክ ላይ ግን እንዲህ አይሆንልሽም። አንድ ሳምንት ሙሉ የተለመደ ሥራሽን ሥሪበት። ‹በ› የትኛው እጅሽ ውስጥ እንዳለች ያኔ ታውቂያለሽ። ከተመቸሽ የእውነተኛውን ዋጋ ጥያቄ ጽፈሽ ለአለቃ አስገቢ፣ አንቀጽ 76ንም ከላይ ጥቀሺ። ካልተመቸሽ አንዱን ለኔ ሽጪልኝ፤ የቤቴ ኪቦርድ የጠ ቁልፉ አልቋል።»