ውዳሴ መላጫ

ደብረ ማርቆስ ላይ ሚስቱን የሚወድ ባል በምን ይታወቃል ብትሉኝ፣ ከአዲስ አበባ ሲመለስ በያዘው ፌስታል ነው እላለሁ። ፌስታሉ ውስጥ የነጭ ሽንኩርት መላጫ አለ። አንዱ የላስቲክ ቱቦ ነው፤ ፍሬውን ከትተው ጠረጴዛ ላይ ያንከባልሉታል። ሌላው በባትሪ እየጮኸ የሚሽከረከር ነው። ሦስተኛው ገመዱ የሚጎተተው ነው፤ እሱስ መክተፊያ ነበር፣ ግን ሻጩ በቲክቶክ «ይልጣልም» ካለ ማን ይከራከረዋል? ስጦታው ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የጎሐ ጽዮንን ቁልቁለት ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ የደጀንን አቀበት ወጥቶ ነው የሚደርሰው። ይህን ሁሉ የተጓዘ ባል ከሳሎን እስከ ማዕድ ቤት ያለችው እርምጃ ብታደክመው አይፈረድበትም።

እኔ በበኩሌ አመስጋኝ ነኝ። በርበሬ በሚደለዝበት ሰሞን ስንት ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እንደሚላጥ፣ ጥፍር ሥር የገባው ሌሊቱን እንዴት ሲያቃጥል እንደሚያድር የምታውቅ ሴት ሁሉ ታመሰግናለች። ባለቤቴ ቱቦውን ያመጣ ዕለት ጎረቤት ተጠራ፣ ቡና አፈላሁ፣ እሱም እጅጌውን ሰብስቦ አብሮ ይዞት ከመጣው የቻይና ነጭ ሽንኩርት አንድ ፍሬ ለማሳያ አንከባለለ። አንድ ፍሬ። ተጨበጨበለት። በማግስቱ የገበያችንን ነጭ ሽንኩርት ስከትበት ቱቦውን አልሞላው ብሎ ከነልብሱ በወዲያኛው በኩል ወጣ። የቀረውን በጥፍሬ ላጥሁት።

ጥፋቱ የማን ነው? መቼም የማሽኑ ሊሆን አይችልም፤ ተከፍሎበታል። ጥፋተኛው ነጭ ሽንኩርታችን ነው። ከዓለም ነጭ ሽንኩርት ከአራት እጅ ሦስቱን እጅ የምታመርተው ቻይና ናት፤ ቱቦውም የተሰፋው በእሷው ጎምላላ ፍሬ ልክ ነው። የኛው ደቃቃ፣ ሾጣጣ፣ ልብሱ ከገላው የተጣበቀ፣ ሽታው ጎረቤት የሚደርስ። እንዲህ ያለ ሥርዓት የለሽ ፍጥረት ይዘን እንዴት እንሠለጥናለን? የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል «ቢሾፍቱ ነጭ»ን እና «ፀደይ 92»ን ሲያወጣ ስለ ምርት አሰበ እንጂ ፍሬው ቱቦ ይሞላ እንደሆን አለመጠየቁ ያሳዝናል።

እንግዲህ ነጭ ሽንኩርቱን ማረም ነው። ሥራው በዐውደ ጥናት ይጀመር፤ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር፣ ከነውሎ አበሉ። ባነሩ ላይ ትልቅ የነጭ ሽንኩርት ሥዕል ይኑር፤ አዳራሹ ውስጥ ግን ነጭ ሽንኩርት እንዳይገባ፣ ይሸታል። ከሻይ እረፍት በኋላ ፍሬ ሁሉ የባል አውራ ጣት እንዲያክል በሙሉ ድምፅ ይወሰናል። ውሳኔው ወደ ስናን፣ ወደ ማቻከል፣ ወደ ጎዛምን ይወርዳል። የጮቄ ሥር ገበሬ ማሳው መሃል ቆሞ ለነጭ ሽንኩርቱ ቃለ ጉባኤውን ያነብለታል። ገበያው መግቢያ ላይ የቱቦ ኬላ ይቆማል፤ ተንከባሎ ልብሱን ያወለቀ ያልፋል፣ ያላወለቀ ወደ መጣበት ይመለሳል፣ ሁለተኛ የተያዘ ሥልጠና ይገባል። አንድ ባለሙያ ተነስቶ «ችግሩ ከአፈሩ ነው» ያለ እንደሆነ አፈሩም ይሠለጥናል። ቅር ያለው የአቤቱታ ሣጥን አለለት፤ ቁልፉ ባሕር ዳር ነው። ቀጥሎ የድንች ተራ ይደርሳል። ጎጃም ድንች ሞልቶታል፤ ነገር ግን ዓይናማ ድንች መላጫውን እያደናቀፈ አስቸግሯልና ዓይኑን ይጨፍን። በዝንጅብል እንኳ ተስፋ ቆርጫለሁ።

ማጠቡ ደግሞ ራሱን የቻለ በረከት ነው። የባትሪውን መላጫ ጥርስ በጥርስ፣ ልጣጩን በስንጥር እያወጡ ማጽዳት ለሴት ልጅ ትዕግሥት ያስተምራል። መብራት ሲጠፋና ባትሪው ሲያልቅ ማሽኑ ያርፋል፤ እኛ ቤት ሲመሽ ሥራ የሚያቆም ከባለቤቴ ሌላ እሱ ብቻ ነው።

ኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 11 ላይ እስራኤላውያን በበረሃ ሆነው ግብፅ የቀረውን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እያሰቡ ማልቀሳቸው ተጽፏል። ስለ መላጫ ያለቀሰ አንድም የለም። እንዲያ የሚናፍቅ ሰው መቼም ልጦ አያውቅም።

ማሽን ጠልቼ አይደለም። እናቶቻችን ሌሊት ተነስተው የድንጋይ ወፍጮ ላይ ጎብጠው ይፈጩ ነበር፤ የሞተር ወፍጮ መጥቶ ገላገላቸው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ መብራት ባለበት ቤት ዓይናችንን ከጭስ አዳነ። እነዚህን ያመጣ ይባረክ። የላስቲኩ ቱቦ ግን ከእኔ ትከሻ ያወረደው አንድም ሥራ የለም። ሥራ የቀነሰው ለባለቤቴ ነው፤ ድሮ «ና እስቲ አግዘኝ» ስለው ያፍር ነበር፣ አሁን «ማሽን ገዝቼልሽ የለም እንዴ?» ይለኛል። ቱቦውን የገዛው ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመግዛት ነው። ወንድ ልጅ ማጀት መግባቱ ነውር ነው የሚለኝም አለ። ገዳም ውስጥ መነኩሴው ይልጣል፤ ሆቴል ውስጥ ወንዱ ሲልጥ ሼፍ ተብሎ ነጭ ቆብ ይደፋል፣ ደመወዝም ይበላል። ነውር የሚሆነው የገዛ ቤቱ ሲሆን ብቻ ነው።

ለፋሲካ የእንቁላል መላጫ ሊመጣልኝ እንደታሰበ ሰምቻለሁ። አይምጣ። ቢላዋው መደርደሪያው ላይ ነው። የነጭ ሽንኩርቱን ራስ ፈልፍለው፣ ፍሬውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት አቆየው፣ ቂጡን ቁረጥና ልብሱን ሳብ። አዎ፣ ያቃጥላል። ደግሞ ልጣጩን አንተው ጥረግ።