«አይፒህ በእጄ ነው» ላለው

ኢስትሊ፣ አንደኛ አቬኑ አጠገብ ካሉት የሐበሻ ቡና ቤቶች በአንዱ ተቀምጠን ሳለ፣ ናይሮቢ ከገባ ዓመት ያልሞላው ልጅ ስልኩን ጨብጦ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ቴሌግራም ላይ አንድ የማያውቀው ሰው «አይፒህ በእጄ ነው፤ 192.168.1.5 ነህ። ቤትህን አውቄዋለሁ። በኤምፔሳ ካልላክህ እመጣብሃለሁ» ብሎታል። ልጁ ሊልክ ነው።

«ይምጣ!» አልኩት። «ግን የማን ቤት ነው የሚመጣው?»

«ቁጥሬን ጠራው እኮ ጋሼ!»

«ያንተን አይደለም የጠራው፣ የሁላችንንም ነው። እኔም ቤት አንዱ ስልክ 192.168.1.5 ሊሆን ይችላል፤ አዲስ አበባ ያለችው እህትህም ቤት እንዲሁ። ‹ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተግራ ያለው በር› እንደማለት ነው። የየትኛው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ?»

አይፒ በኔትወርክ ላይ ያለ መሣሪያ አድራሻ ቁጥር ነው። በ192.168 የሚጀምሩት 65,536 ቁጥሮች ለቤትና ለቢሮ የውስጥ አገልግሎት የተተዉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ደንብ በ10 ከሚጀምሩትና ከ172ቶቹ ከፊሎቹ ጋር ለይቷቸዋል። ቁጥሩን የሚያድለው ቤት ውስጥ ያለው ራውተር ነው፤ ከራውተሩ ወዲያ ማዶ፣ በትልቁ ኢንተርኔት ላይ፣ ወደዚህ ቁጥር የሚወስድ መንገድ የለም። ከሩቅ ሆኖ በዚህ ቁጥር የሚያስፈራራ ሰው ምንም እንደማያውቅ በራሱ አፍ መስክሯል።

«እሺ፣ የውጪውን፣ ኢንተርኔት ላይ የሚታየውን ቁጥር ቢያውቅስ?» አለ አጠገባችን የተቀመጠው ሾፌር።

«የውጪው ፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ናይሮቢም ሆነ አዲስ አበባ ደብዳቤ የሚገባው ሣጥን ውስጥ ነው። የፖ.ሣ.ቁ. ያወቀ ሰው ፖስታ ቤቱን አወቀ እንጂ መኝታ ቤትህን አላወቀም።»

የውጪው ቁጥር የሚናገረው የትኛው ድርጅት ኢንተርኔት እንደሚያቀርብልህና በግምት በየትኛው ከተማ እንዳለህ ነው። በዚያ ሰዓት ለማን ተሰጥቶ እንደነበር የተጻፈው በአቅራቢው መዝገብ ላይ ነው፤ የቴሌግራም አስፈራሪ ያንን መዝገብ አይገልጠውም። ደግሞ ሣጥኑ ያንተ ብቻ አይደለም። የቀድሞው የአይፒ አሠራር 4,294,967,296 ቁጥሮች ብቻ ነው ያሉት፤ ከዓለም ሕዝብ ያንሳሉ። ቁጥሮቹን ለዓለም የሚያከፋፍለው ማዕከል ክምችት እ.ኤ.አ. የካቲት 2011 ውስጥ ተከፋፍሎ አለቀ። ስለዚህ አቅራቢዎች ብዙ ደንበኛ በአንድ የውጪ ቁጥር ያስተዳድራሉ። እጥረቱን የሚያስቀረው አዲሱ አሠራር፣ አይፒ ስድስት፣ ከተዘጋጀ ቆይቷል፤ ሁሉም ቤት ግን ገና አልደረሰም።

ቡና የምታፈላው እህታችን ጣልቃ ገባች፤ «ታዲያ ዋይፋዬ ሙሉ ሆኖ ኢንተርኔት ለምን ይጠፋል?»

«ዋይፋይ ከስልክሽ እስከ ራውተሩ ነው። ጓዳና ሳሎን ስለተገናኙ ጁጃ ሮድ ተከፍቷል ማለት አይደለም።»

ሾፌሩ አልለቀቀኝም። «ቁጥር ካላስፈራ ምን ያስፈራል?»

«ስም!»

ኢስትሊ ውስጥ አድራሻ በቁጥር የሚጠይቅ ሰው የለም፤ «ከጋሪሳ ሎጅ ጀርባ» ይባላል፣ ያገኙታል። ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። እኛ ስም እንጽፋለን፣ ዲኤንኤስ የሚባለው አሠራር ስሙን ወደ ቁጥር ይመልሰዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የነደፈው ነው። ሌባ የሚገባው በዚህ በኩል ነው። የባንክህን ስም ፊት አድርጎ፣ የራሱን ኋላ ደብቆ ሊንክ ይልክልሃል። የሊንክ ስም እንደኛ ስም ነው፤ ልጅ ፊት፣ አባት ኋላ። ስሙ በ«ኮም» ካለቀ፣ ከ«ኮም» ልክ በፊት ያለው አባት ነው። ልጁ የባንክህን ስም ስለያዘ ብቻ አታስገባው፤ «አባትህ ማነው?» በለው።

ልጁ ገንዘቡን አልላከም። ሰውየውን ዘጋው፣ ቡናውንም ጠጣ።

ስንቱ ግን ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ይልካል? ወረቀቱ ገና ያላለቀለት፣ ፖሊስ ጋ መሄድ የሚፈራ፣ ስዋሂሊ ያልገባው ልጅ የሚያማክረው ሰው የለውም። ለኪራይ ያጠራቀመው ገንዘብ በአንድ መልእክት ይሄዳል፤ ይሄ ያንገበግበኛል።

ኢስትሊ አዲስ የገባ ዘመድ ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ደውሉለት። አይፒ ቁጥሩን የጠራለትን ሰው አይፍራ። በኤስኤምኤስ የመጣለትን የመግቢያ ኮድ «ላክልኝ» ያለውን ግን፣ የገዛ ወንድሙ ስምና ፎቶ ይዞ ቢመጣ እንኳ፣ አይመልስለት።