ጃጃ፣ ሐሳብ ይስጡ

የዚህ የካምፓላ ሰዎች ነገር አልገባ ብሎኛል። የሐበሻ ምግብ ቤት በበዛበት በካባላጋላ ድንኳን ይተክላሉ፤ የፕላስቲክ ወንበር ይደረድራሉ፤ ሶዳ ያድላሉ። ከዚያ አንዲት ቀልጣፋ ልጅ ካርታ ትሰቅልና «ጃጃ፣ ስለ መንገዱ ሐሳብ ይስጡ» ትለኛለች። ጃጃ በእነሱ ወግ አያት ነው። ይሁን፣ አያት ነኝ። ካርታውን ባየው ግን መንገዱ ተሰምሮ፣ ድልድዩ ቦታውን ይዞ፣ ተቋራጩ ሳይቀር ታውቆ አልቋል። ታዲያ የእኔ ሐሳብ ለምኑ ነው? ለሶዳው?

ተነሥቼ «ከዘራ የያዘ ሰው በየት በኩል ይሻገራል?» አልኳት። «ግሩም ነጥብ!» አለችና በቢጫ ወረቀት ጽፋ ሰሌዳው ላይ ለጠፈችው። ስብሰባው ሳያልቅ ወረቀቱ ተላቆ ወደቀ። አንሥቼ ኪሴ ከተትኩት፤ ነጥቤ ቢያንስ ማደሪያ አገኘ።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። በ1995 የወጣው የኡጋንዳ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 መሬትህ ከመወሰዱ በፊት ፈጣን፣ ፍትሐዊና በቂ ካሳ ይከፈልሃል ይላል (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ እዚህ ከኖርኩ ወዲያ የራሴንም እየረሳሁት ነው)። ሹም ሕዝብ ፊት ቆሞ ስለ ሥራው የሚጠየቅበት ባራዛ የሚሉት ሸንጎም አላቸው። ወጉ ሁሉ አለ።

ከተማ መሀል፣ ሰዓት ማማው ዘንድ፣ በጃፓን ብድር የተሠራው ተሻጋሪ ድልድይ ሥራው በ2019 ተጀመረ። መኪናው ከላይ ይበራል። እኔ ከታች ቆሜ ቦዳ ቦዳ የሚሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ቦዳ ቦዳ ደግሞ አያልፍም፣ ይቀጥላል እንጂ። የእንቴቤው ፈጣን መንገድም በቻይና ብድር ተሠርቶ በ2018 ተከፈተ፤ በጥር 2022 ትንሿን መኪና 5,000 ሽልንግ ማስከፈል ጀመሩ። እዚያ በር ላይ ሐሳብህን የሚጠይቅ የለም፤ የሚፈለገው ሌላ ነው።

ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ደግሞ የእኛ አገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። በ2007 የኮመንዌልዝ መሪዎች ሊመጡ ሲሉ አስፋልት ፈሰሰ። በጥር 2024 የገለልተኛ አገሮች ጉባኤ ሙንዮንዮ ላይ ሊሰበሰብ ሲል ደግሞ ያ ጥድፊያ ተመለሰ። እንግዲህ ሐሳብ ስጥ ካላችሁኝ ሐሳቤ ይኸው ነው፦ በየዓመቱ ጉባኤ ጥሩ፣ እንግዶቹንም በእኔ በር አሳልፉ።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን የ2023ቱ ነው። በሚያዝያ ወር ጂሚ ስፓየር ሴንቶንጎ የሚባል ካርቱን ሠዓሊ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህርም ነው፣ ሰዉ የየሰፈሩን ጉድጓድ ፎቶ አንሥቶ ትዊተር ላይ እንዲያወጣ ጠራ። የጉድጓድ ኤግዚቢሽን! ሕዝቡም ጉድጓዱን እንደ ሙሽራ አሰማምሮ አቀረበ። ብዙም ሳይቆይ ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ ለካምፓላ መንገዶች 6 ቢሊዮን ሽልንግ እንዲለቀቅ አዘዙ። እኛ ሽማግሌዎቹ ኮት ለብሰን፣ እጅ አውጥተን፣ ተራ ጠብቀን ስንናገር ያገኘነው ሶዳ ነው። ስልካቸው ላይ ተደፍተው የሚውሉት፣ ቀና በሉ ብለን የምንቆጣቸው ልጆች ሳቁና ቢሊዮን ወጣ!

የእኛ በር ጉድጓድ ግን ከቢሊዮኑ አልደረሰውም። የልጅ ልጄን ጠርቼ «ይኼንንም አንሣልኝ» አልኩት።

«አባባ፣ እስቲ ይግቡበት፤ ጥልቀቱ እንዲታይ» አለኝ።

ገባሁ። ከዘራዬን አቁሜ፣ ፊቴን አኮሳትሬ ስጠብቅ አንድ ቦዳ ቦዳ አጠገቤ ቆመ።

«ጃጃ፣ ላውጣዎት? ሁለት ሺህ።»

በአንድ ሺህ ተስማማን።