ካፒቴኖቹና አማቴ

የረበሸችኝ አንዲት ቃል ናት፤ «ስፖርቲ»። መኪና ልናይ የሄድን ቅዳሜ ሻጩ ይህችን ቃል ስንት ጊዜ እንደሚላት ባለቤቴ በጣቷ ስትቆጥር ቆይታ፣ አሥራ አራት ላይ ሰልችቷት ተወችው። መሪው ስፖርቲ ነው። ጎማው ስፖርቲ ነው። ወንበሩ ራሱ ቀይ ክር ስለተሰፋበት ስፖርቲ ነው። አማቴ ከአዲስ አበባ ከመጡ ገና ሦስተኛ ሳምንታቸው ነውና ጠጋ ብለው «ምንድን ነው የሚለው ልጁ?» አሉኝ።

«ስፖርተኛ መኪና ነው እያለ ነው፣ እማዬ።»

ከፊትም ከኋላም ዞረው አዩት። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ውፍረት ከምን መጣ?»

እውነታቸውን ነው። ሦስት ረድፍ ወንበር ያለው፣ ሁለት ቶን ገደማ የሚመዝን፣ ቆሞ እንኳ የሚያለከልክ የሚመስል ነገር ነው። ይሁን እንጂ ወደዚያ ግቢ የወሰድኳቸው እኔው ነኝ። ባለቤቴማ ጉዳዩን ከጨረሰችው ቆይታለች፤ «ሲዬና እንግዛ» ብላ፤ ሚኒቫኑን ማለቷ ነው። በሩ ተንሸራታች ነው፣ ከ2021 ሞዴል ጀምሮ ሁሉም ሃይብሪድ ነው፣ በአንድ ጋሎን 36 ማይል ይሄዳል፣ ከኋላው የሁለት ቤተሰብ ሻንጣ ይውጣል። ይህን ሁሉ ከስልኳ ላይ እያነበበች ነገረችኝ። እኔ ግን እንቢ አልኩ። እዚህ በዋሽንግተን አካባቢ ሲዬና ማለት ለኛ ሰው ታክሲ ማለት ነው። ሃያ ዓመት ታክሲ የነዳ ወዳጅ አለኝ፤ ሲዬናውን ለራሱ ጉዳይ ባቆመ ቁጥር አንድ ሰው የኋላውን በር ከፍቶ ይገባና «ኤርፖርት» ይለዋል። እኔ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አቁሜ ሰው ገብቶ «ኤርፖርት» እንዲለኝ አልፈልግም። ምክንያቴ ይሄው ነው። ጥሩ ምክንያት ነው አላልኩም።

በሚኒቫን ማፈር ደግሞ የኔ ብቻ ችግር አይደለም። ክራይስለር የመጀመሪያዎቹን ሚኒቫኖቹን እ.ኤ.አ. በ1983 መጨረሻ ሲያወጣ አሜሪካ እልል ብላ ነበር የተቀበለችው። ያኔ ከኋላ ተቀምጠው እየተጎሻሸሙ ያደጉት ልጆች ናቸው፣ አድገው ወልደው የእናታቸው መኪና ውስጥ መታየት ያሳፈራቸው። ፋብሪካዎቹም የሰው ስሜት ይገባቸዋልና ያንኑ ቤተሰብ ተሸካሚ ከመሬት ከፍ አደረጉት፣ ግንባሩን አስቆጡት፣ ከሁሉ የሚጠቅመውን ተንሸራታች በር ወሰዱበትና ስሙን ክሮስኦቨር አሉት። «ስፖርት» የሚል ቁልፍም ጨመሩበት።

እዚህ ላይ ስለ ፈረስ ካላወራሁ አይሆንልኝም። እ.ኤ.አ. የ2021 ሞዴል የሆነ ዶጅ ዱራንጎ ኤስ አር ቲ ሄልካት የሚባል መኪና አለ። ሦስት ረድፍ ወንበር አለው፤ የፈረስ ጉልበቱ 710 ነው፤ ልክ ነው፣ ሰባት መቶ አሥር። ፍጥነቱ በሰዓት 290 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከአዲስ አበባ አዳማ ያለውን የክፍያ መንገድ አሥራ ስምንት ደቂቃ ሳይሞላ ይጨርሰዋል ማለት ነው፤ ከነሕፃናቱ፣ ከነጡጦው፣ ከነዳይፐሩ። የኛ ሰዎች በአንድ ፈረስ ነው ስም ያተረፉት። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ። ለፈረሱ ሲሸለል ጌታውም አብሮ ይፈራል፣ አብሮ ይከበራል። እኔ ታዲያ 710 ፈረስ በአንድ ኮፈን ስር አጉሬ ወተትና እንቁላል ልገዛ ስወጣ አባ ማን ልባል ነው? ባለቤቴን ጠየቅኳት። የሰባት ዓመቱን የብድር ወረቀት እያገላበጠች ነበርና ቀና ሳትል «አባ ክፈለው» አለችኝ።

አባ ክፈለው፣ የሰማንያ አራት ወሩ! ሠርግ ላይ በዚህ ስም ብፎክር የሚያሳፍረኝ የለም፤ ከሸላዩም ከተሸለለለትም ግማሹ የመኪና ዕዳ ያለበት ነው። ደግሞ ይህ ሁሉ ፈረስ የት ይጋልባል? የዋሽንግተን ቀለበት መንገድ የተፈቀደው 55 ማይል ነው፤ ዓርብ አመሻሽ ላይ ደግሞ 5 ማይል ከሄድክ ስለትህ የሰመረልህ ያህል ነው። ፈረሶቹ ልጓማቸውን እያኘኩ፣ ነዳጅ እየቀለብካቸው፣ ፊትህ ያለውን የሲዬና ጀርባ ስታይ ትውላለህ።

ወደ ሙከራ ጉዟችን ልመለስ። (ያየነው ሄልካቱን አይደለም፤ የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ ይቅር።) ሻጩ ሕጉ ነው ብሎ ጋቢናውን ያዘ። ጋቢና በኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሽማግሌ፣ እንግዳ፣ አማት እያለ አንድ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ጋቢና ዘው ብሎ ሲገባ «ኧረ እርስዎ ይምጡ»፣ «ኧረ በሞቴ»፣ «አይሆንም፣ እኔ እዚሁ ይበቃኛል» የሚባለው ሁሉ ሳይባል ቀረ። አማቴ ምንም አላሉም። ነጠላቸውን ብቻ አስተካከሉ።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሁለት ብቻቸውን የቆሙ ወንበሮች አሉ። ስማቸው «የካፒቴን ወንበር» ነው። ካፒቴኖቻችን አንዱ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አንዷ ሦስት። በቨርጂንያ ሕግ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ በልጅ ወንበር መታሰር አለበትና ከቤት ተሸክመን ያመጣናቸውን ሁለት ዙፋኖች እዚያ ላይ አሰርናቸው። ካፒቴኖቹ ወጡ፣ ታሰሩ፣ ብስኩታቸው ተሰጣቸው። የቀረው ሦስተኛው ረድፍ ነው፤ የቀሩትም ባለቤቴና አማቴ ናቸው።

ስፖርቱን ያኔ አየሁት። አማቴ አንድ እግራቸውን አነሡ፣ በሁለቱ ካፒቴኖች መካከል ጎንበስ አሉ፣ ነጠላቸው በቀበቶው ተያዘ፣ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ እንደገና በስመ አብ ብለው ገቡ። ሲቀመጡ ጉልበታቸው አገጫቸው አጠገብ ደረሰ። ሻጩ ከፊት ሆኖ «እንዴት ነው ከኋላ?» አለ። ሠላሳ ዓመት ከሽሮ ሜዳ ፒያሳ በሚኒባስ የተመላለሱ፣ ሞተር ላይ የተቀመጡ፣ መጨረሻ ወንበር ላይ አራተኛ ሆነው የተጠጋጉ ሴት ናቸው። «ይመቻል፣ ይመቻል፤ ምን አለበት» አሉ።

ይህ «ይመቻል» ነው ያናደደኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የመኪና ገምጋሚዎችን ሳነብ ነበር። ሁሉም ብቻቸውን ሆነው ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ይፈልጋሉ፤ ስለ መሪው ሦስት ገጽ ይጽፋሉ፤ ስለ ሦስተኛው ረድፍ ግን አንዲት መስመር፤ «ለልጆች ይበቃል።» ለየትኞቹ ልጆች? ልጆቹማ ዙፋናቸው ላይ ታስረዋል! በብዙዎቹ መኪኖች ሦስተኛው ረድፍ የልጅ ወንበር የሚቆለፍበት ብረት ለሁሉም መቀመጫ የለውም። ስለዚህ የሚበቃው ልጅ ከፊት ይቀመጣል፣ የማይበቃው አያት ከኋላ ይታጠፋል። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት የኢንሹራንስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 የፊት ለፊት ግጭት ሙከራውን ሲያሻሽል ከሾፌሩ ጀርባ ትንሽ ሴት የምታክል አሻንጉሊት አስቀመጠ። ደግ አደረገ። ግን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው። ሦስተኛው ላይ አሻንጉሊቷም አልተቀመጠችም! አሻንጉሊት ያልተቀመጠበት ቦታ እኔ የሚስቴን እናት አስቀምጬ፣ «ስፖርት» የሚለውን ቁልፍ ልጫን ነው እንግዲህ። ሠሪዎቹ ጉልበት ምን ያህል እንደሚረዝም ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ያ ወንበር የተሠራው ማስታወቂያው ላይ አንድ ቁጥር ከፍ እንዲል ነው፤ ያንን ቁጥር አይቶ የመጣው ጅል ደግሞ መሪው ላይ የተቀመጠው ነው።

ቁልፉን ግን ተጫንኩት። ሻጩ ጓጉቶ ስለነበር ነው። መኪናው አገሳ። ከአንዳንዶቹ መኪኖች የሚወጣው ግሳት ከፊሉ ከሞተሩ ሳይሆን ከድምፅ ማጉያው እንደሆነ አንብቤያለሁ፤ የዚህኛውን አልጠየቅኩም። ቀዩ መብራት ድረስ መቶ ሜትር ያህል እያገሳን ሄድን። ስናቆም ከኋላ፣ ከሩቅ፣ ረጋ ያለ ድምፅ መጣ።

«ወራጅ አለ!»

ባለቤቴ በሳቅ ፈረሰች። ካፒቴኖቹ ደነገጡ፣ ከዚያ እነሱም ሳቁ። ሻጩ «ምን አሉ?» አለኝ።

«ወደውታል» አልኩት።

እውነቱን ለመናገር አማቴ ቀልደው ይሁን ከምራቸው እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ስመለስ ቀስ ብዬ ነዳሁ፤ ለመውረድ ሲሉ ሻጩ ሮጦ መጥቶ ሁለት እጃቸውን ያዛቸው። መረቁት። «እግዜር ይስጥህ፣ እደግ» አሉት በአማርኛ፤ እሱም የገባው ይመስል አንገቱን ሰበረ። በጋቢናው ነገር የያዝኩበትን ቂም ከዚያ በኋላ የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ።

አልገዛንም። አልተውንም። ሻጩ በየሁለት ቀኑ መልእክት ይልካል፤ ባለቤቴ «ሲዬና» ትላለች፤ እኔ ግምገማ አነባለሁ። ካፒቴኖቹ ቀይ መብራት ባየን ቁጥር «ወራጅ አለ!» ይላሉ። ትናንት አማቴ ቡና እየቆሉ ሳለ ሱባሩ አሴንት የሚባለው ክሮስኦቨር 19 የኩባያ ማስቀመጫ እንዳለው አነበብኩላቸው። የሚይዘው ቢበዛ ስምንት ሰው ነው። አሰላሁት፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ለስምንት ሰው 24 ይሆናል።

«አምስት ይጎድላል፣ እማዬ» አልኳቸው።

መቁሊያውን ወዝወዝ አደረጉ። «ስኒው ያው እየታጠበ የሚመለሰው አይደል እንዴ?»

ለካ ስምንት ይበቃል። አሥራ አንዱ ይተርፋል። ፈንዲሻ ይደረግበት ይሆናል፤ ሽታው ግን ከወንበሩ ይለቅ እንደሆነ ሻጩን መጠየቅ አለብኝ።