ሥነ ምግባሬ ከመቶ 97

የምቀልድ የመሰለው ካርዴን መጥቶ ይይ። እናቴ ኮመዲኖ ውስጥ ከክትባት ካርዴ ጋር በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፦ ሒሳብ 51፣ ፊዚክስ 48፣ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር 97። «ጠባይ» የሚለው ሣጥን ውስጥ ደግሞ «ሀ» ተጽፎልኛል። ማኅተም ያረፈበት ደግነት ያለው ሰው በየሰፈሩ ስንት ነው?

ውጤቱ በዋዛ የመጣ አይደለም። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በየዓመቱ እነዚያኑ 11 እሴቶች ሸምድደናል፤ በአራተኛው ዓመት «ታታሪነት» የሚለውን ምዕራፍ ለመክፈት ሰንፈን ነበር። ደግነቱ፣ የሲቪክስ ፈተና የራሱ ጥበብ አለው። «መ. ሁሉም መልስ ነው» የሚል ካለ እሱን ማክበብ፣ ከሌለ ረጅሙን መምረጥ። ይህን ያወቀ ልጅ ጉቦ ነውር መሆኑን ሳያነብ ይደርስበታል።

ጥበቡ ላልገባው ደግሞ ወገን አለው። አፍንጫ ሀ፣ ጆሮ ለ፣ አገጭ ሐ፣ ግንባር መ። አንድ ጊዜ «ኃላፊነት» ላይ ስንደርስ ክፍሉ በሙሉ ግንባሩን ሲያክ ያየው ፈታኛችን ቅማል የገባ መስሎት መስኮት ከፈተልን። አንድ ልጅ ብቻ «አላስኮርጅም» አለ። ምቀኛ!

ምቀኛው 61 አመጣ። «ለታመመች እናቱ መድኃኒት መግዣ የመሥሪያ ቤቱን ገንዘብ የወሰደ ሰው ምን ይባላል?» ለሚለው ጥያቄ እኛ «ሁሉም»ን አክብበን ስንወጣ፣ እሱ ኅዳጉ ላይ «አለቃውን ጠይቆ ነበር? ሌላ መንገድ አልነበረውም?» ብሎ ጻፈ። መምህሩ «ምክንያት ማን ጠየቀህ?» አሉት። ጠባዩም «ለ» ሆነ፤ ከጓደኞቹ ጋር አይተባበርማ።

በኋላ ሳነብ፣ ጀርመን አገር ኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምቀኛው ቢጤ ሊቅ እንደነበረ ደረስኩበት። ጌዎርግ ሊንድ ይባላል። የሰውን የግብረገብ ብቃት እለካለሁ ብሎ መጠይቅ አዘጋጀ። ከታሪኮቹ አንዱ ማገገም የማትችል በሽተኛ ለምናው እንድትሞት ስለረዳት ሐኪም ነው። ሊንድ ሐኪሙ ልክ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ነጥብ አይሰጥም። የደጋፊም የተቃዋሚም ክርክሮች ይደረደሩልህና፣ የማትስማማበትን ወገን ክርክር በጥራቱ መዝነህ እንደሆነ ያያል። ምን ዓይነት ድካም ነው! እኛ የተቃዋሚያችንን ክርክር ለመመዘን የአባቱን ስምና የትውልድ ቦታውን ካወቅን ይበቃናል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ማስተማሪያ ብሎ ያመጣውማ ይባስ። አንድ አጣብቂኝ ታሪክ ይዞ 90 ደቂቃ ያህል ማከራከር፣ መምህሩ ከመናገር ይልቅ መስማት፣ በመጨረሻ ተማሪዎቹ ከተቃራኒው ቡድን የወደዱትን ክርክር እንዲመርጡ ማድረግ። በ90 ደቂቃ እኛ «ፍትሕ»ን ጨርሰን «ቁጠባ» አጋማሽ ላይ እንደርሳለን።

የእኛ መንገድ ውጤቱን አሳይቷል። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲዘዋወር ተሰረዘ፤ «ንቁ ተሳትፎ» የሚለው ምዕራፍ ገብቷቸዋል ማለት ነው። የ2014 ተፈታኞች ደግሞ ኩረጃ እንዳይኖር ተብሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ተፈተኑ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ለዓመታት ሐቀኝነት የተማረን ወጣት ኪስ ፈትሾ ማስገባት ያስፈለገው፣ መቼም ለክብሩ ተብሎ ነው።

አሁን ግብረገብ በጥንት ስሙ ለታናናሾቹ ክፍሎች ተመልሷል። ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ተጠራሁ። «ሁልጊዜ እውነት መናገር አለብን፤ እውነት/ሐሰት» የሚል ጥያቄ ቀርቦላት ሁለቱንም ሳታከብብ፣ «አያቴ ሐኪሙ ያለውን እንዳትሰማ አባዬ ዝም በሉ ብሎናል» ብላ ጽፋለች። መምህርቷ ወረቀቱን አሳዩኝና «እቤት ምን እያስተማራችኋት ነው?» አሉኝ።

ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ከትናንት ወዲህ ማታ ማታ ማክበብ እያለማመድኳት ነው።