ለማቆያው ትልቅ፣ ለክፍሉ ትንሽ

ባለፈው ነሐሴ ነው። ልጃችንን ከሦስት ወሯ ጀምራ ያሳደገችልን ልጅ ፓስፖርቷ ወጣላትና ወደ ሪያድ ሄደች። ተላቅሰን ሸኘናት። እዚያ ሄዳ የምትሠራው ያንኑ ነው፤ የሰው ልጅ ማሳደግ። ይሄን ሳስብ ሆዴን ባር ባር ይለዋል፤ ያቺን ልጅ ከገጠር አምጥተን፣ ልጃችንን አሳዝለን፣ የማታ ትምህርቷን እንኳ በቅጡ ሳታስኬድ ወጣትነቷ እኛ ቤት አለቀ። እሱ ግን ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው፤ ሌላ ቀን አወራችኋለሁ።

እሷ በሄደች ማግስት እኔና ባለቤቴ እራታችንን ትተን መከርን። ባለቤቴ የግል ድርጅት ነው የምትሠራው፤ ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም ማለት ይቻላል። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። «እነ እትዬ ብርቄ የልጅ ልጃቸውን እዚህ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስመዘገቡ፤ ነገ ውሰዳት» አለችኝ። የጎረቤታችን የእትዬ ብርቄ የልጅ ልጅና የኛዋ ቁመታቸው አንድ ነው፤ አንድ ገመድ ይዘላሉ፤ በአንድ ብስኩት ይጣላሉ። ዕድሜ ማን ይጠይቃል? የልደት ምስክር ወረቀቷን፣ የክትባት ካርዷን፣ ጉርድ ፎቶግራፏንና የእኔን መታወቂያ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በዚያ ዶፍ ዝናብ እጇን ይዤ ወጣሁ።

ሰልፉ ከግቢው በር ይጀምራል። ከእናቶችና ከአያቶች መካከል አባት እኔ ብቻ ነበርኩ። ከፊቴ አንድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ቆመዋል። ልጄን ቁልቁል አይተው «በኛ ጊዜ ካርድ የሚባል ነገር የት ነበር!» አሉ፤ «ቀኝ እጅሽን በራስሽ ላይ አሳልፈሽ ግራ ጆሮሽን ከነካሽ ደርሰሻል ማለት ነው፤ ትገቢያለሽ።» እውነታቸውን ነው፤ እኔም የገባሁት እንደዚያው ነው። በደርግ ዘመን የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ነበረን፤ ፋፋ በሰሃን ይሰጡን ነበር። አንደኛ ክፍል ስንመዘገብ ግን ዳኛው ጆሯችን ነበር።

ልጄ ይሄን ሰምታ እንዴት ዝም ትላለች? እጇን ታነሣለች፤ ጣቷ ፀጉሯ ላይ ይቀራል። አንገቷን ዘንበል ታደርጋለች፤ «አይ፣ ቀጥ ብለሽ» ይሏታል ሽማግሌው። እኔ ጃንጥላ ይዤ ክርኗን እደግፋለሁ። ከኋላችን ያሉት እናቶች መምከር ጀመሩ፤ «ሹራቧን አውልቅላት፣ እሱ ነው የያዛት።» አወለቅሁላት። ሰልፉ አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ እኛ እንለማመዳለን፤ ደግሞ ይሄዳል፣ ደግሞ እንለማመዳለን። ደረጃው ላይ ስንደርስ የመሐል ጣቷ የጆሮዋን ጫፍ ነካ። አንዲት እናት እልል አለች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። እኔ በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን ደስታ ሠርጌ ላይ አላገኘሁትም።

መዝጋቢዋ ረጋ ያለች ሴት ናት። ወረቀቶቹን ሳታይ ገና «ደርሳለች» አልኳት፤ ልጄንም «አሳዪያት» አልኳት። ልጄም እጇን በራሷ ላይ አሳልፋ፣ ጆሮዋን ይዛ ቆመች። ሴትየዋ ፈገግ ብላ አየቻት፤ ቀጥላ የልደት ወረቀቱን ገለጠች፤ ጣቷን በጥር ወር ላይ አሳረፈች።

«አራት ዓመቷ ነው። እኛ የምንቀበለው አምስት የሞላትን ነው።»

«ጆሮዋን እኮ ትነካለች» አልኩ፤ ድምፄ ከክፍሉ አልፎ ሰልፉ ድረስ ተሰማ።

«ወንድሜ፣ መመሪያው ስለ ጆሮ አያወራም።»

ያን ጊዜ እልል ያለችልን እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሽማግሌው ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ልጄ ግን እጇን አላወረደችም፤ ጆሮዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝና «አባዬ፣ አልደረስኩም?» አለች። ሹራቧን በሰው ሁሉ ፊት ገልብጬ አለበስኳት፤ እንደገና አውልቄ ደግሞ በቀኙ አለበስኳት። ሰልፉም ጨርሼ እስክወጣ ጠበቀን፤ ያ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ ጠበቀን።

መዝጋቢዋን አልቀየምኳትም። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል፤ በአምስትና በስድስት ዓመት ይማራሉ፤ በሰባት አንደኛ ክፍል ይገባሉ። ያ ክፍል በነፃ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቁርስና ምሳ ያበላል፤ ደንብ ልብስና ደብተርም ይሰጣል። በጓሮ በኩል ስወጣ መጋቢ እናቶቹ የሚያበስሉበትን ቤት አየሁት። ልጅ ሳይራብ ፊደል የሚቆጥርበት ቦታ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ ከልቤ አመሰግናለሁ። ችግሩ ከአምስት ዓመት በታች ያለው ነው።

ከዚያ ወደ መሥሪያ ቤቴ ይዣት ሄድኩ። ምድር ቤት የሕፃናት ማቆያ አለን። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ፣ ቁጥር 1064/2010፣ መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያለ ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። ለብዙ እናቶች አዋጁ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ እኛ ግን ክፍሉም አልጋውም አለን። በሩን ከፍቼ ገባሁ። ሞግዚቷ ሕፃን ታቅፋ ነበር።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አራት።»

«እኛ እስከ ሦስት ነው። እናቷስ የትኛው ክፍል ናት?»

«እናቷ እዚህ አትሠራም። እዚህ የምሠራው እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ ግራ ገባት። ያ አዋጅ የሚያወራው ስለ ሴት ሠራተኞች ነበር፤ በአባት በኩል የመጣ ልጅ አጋጥሟት አያውቅም። ልጄ ደግሞ አልጋዎቹን ዞራ ዞራ አየችና፣ እንደመሳደብ ብላ፣ «አባዬ፣ እነዚህ እኮ ሕፃኖች ናቸው» አለች። ሁለት ሰዓት ላይ ትንሽ ነሽ ተባለች፤ አራት ሰዓት ላይ ትልቅ ነሽ ተባለች። ከሁለት ያጣ ጎመን የሚሉት ይሄን ነው።

ቀኑን ጠረጴዛዬ ሥር ዋለች። አለቃዬ ሲገባ ተነሥታ ጨበጠችውና ሳይጠይቃት «ትምህርት ቤት አልደረስኩም፤ ማቆያም አልፎብኛል» ብላ ነገረችው። አለቃዬ ሦስት ልጆች አሉት። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ለረጅም ሰዓት ሥራ አላወራንም።

እስቲ አብረን እንቁጠረው። እናት ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት። አባት የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ በ1064/2010 አሥር የሥራ ቀን ተፈቅዶለት ነበር፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ በ1156/2011፣ ከሆነ ሦስት ቀን ያገኛል። ሕፃኑ ሦስት ወር ሲሞላው ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። የመንግሥት ክፍል የሚከፈትለት ደግሞ በአምስት ዓመቱ ነው። በመካከል ያለው አራት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ነው፤ ልጅ የሚናገርበት፣ የሚራመድበት፣ ሰው የሚሆንበት ዘመን። ያን ዘመን የሚሸፍኑልን አያቶች፣ ጎረቤቶችና ከገጠር የመጡ ታዳጊ ሴቶች ናቸው። የግል መዋዕለ ሕፃናት አለ፤ ዋጋውን ጠይቄ በመጣሁበት እግሬ ተመለስኩ፤ ከደመወዜ ግማሽ በላይ ነው። ሠራተኛም ሆነ አያት የሌላት እናት ሥራዋን ትለቃለች፤ እኛ ሰፈር ብቻ እንደዚህ የለቀቁ አውቃለሁ። ጎበዝ ጎበዝ ሴቶች!

እንግዲህ የቅርብ ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይበልጣል፤ እትዬ ብርቄ «እኔ እያለሁላችሁ?» ብለው ተቆጡን። ግን ጉልበታቸው አይችልም፤ ሙሉ ቀን ልጅ መጣልባቸው ግፍ ነው። በመጨረሻ ልጄን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ወስጄ ለየኔታ ሰጠኋት። ካርድ አልጠየቁኝም፤ ስሟን ጠይቀው ከልጆቹ መሐል አስቀመጧት፤ የፊደል ገበታውን ከፊቷ ዘረጉላት። እስከ ስድስት ሰዓት እዚያ ናት፤ ከሰዓት በኋላ እትዬ ብርቄ ዘንድ ትውላለች። ለእሳቸው ቡናና ስኳር እንወስዳለን፤ ገንዘብ አይቀበሉንም።

እኔና አለቃዬ ያን ቀን ያወራነውን ማመልከቻ አድርገን ጻፍነው። ማቆያው የዕድሜ ጣሪያውን ወደ አምስት ዓመት ከፍ እንዲያደርግ፣ የአባቶችንም ልጆች እንዲቀበል፣ ለትልልቆቹም አንዲት ክፍል እንዲጨመር የሚጠይቅ ነው። ያ የአሮጌ ፋይል ክፍል ይበቃል፤ ለክቼዋለሁ። የሂሳብ ክፍል ሰዎች ፈረሙበት፤ ሾፌሮቹ ፈረሙበት፤ የልጅ ልጅ የምታሳድገው የጽዳት ሠራተኛችንም ፈረመች። አሁን የሰው ሀብት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሰኞ ሰኞ ሄጄ እጠይቃለሁ።