ራስን ፍለጋ

የእስራኤል ወጣት ወታደርነቱን እንደጨረሰ ቦርሳውን በጀርባው አዝሎ፣ ብቻውን፣ ራሱን ፍለጋ ህንድ ይወርዳል። ወራት ይባዝናል። ሂማቻል ፕራዴሽ፣ ፓርቫቲ ሸለቆ፣ ካሶል የምትባል መንደር ሲደርስ ግን የምግብ ዝርዝሩ በዕብራይስጥ ተጽፎ ይጠብቀዋል፤ ሻክሹካው አለ፣ ፈላፍሉ አለ፣ ጎኑ የተቀመጠውም አንድ ካምፕ አብሮት የነበረ ልጅ ነው። ራሱን ባያገኝ እንኳ ሰፈሩን በሙሉ አገኘ። (ህንዳዊው ባለምግብ ቤት፣ ከመንደሩ ሳይወጣ ዕብራይስጥ የለመደው፣ ከሁሉም ሩቅ የሄደው እሱ ሳይሆን አይቀርም።) የኛ ሰው እንዲህ ያለው ጉዞ ቢያምረው የኤምባሲው መስኮት ይቀድመዋል።

«የጉዞዎ ምክንያት?»

«ራሴን ልፈልግ።»

«የባንክ ሂሳብ መግለጫ ያምጡ። ደግሞስ ካገኙት በኋላ፣ ሁለታችሁም ለመመለሳችሁ ምን ማስረጃ አለ?»